ጠባቡ ጋራዥና የመንግሥት ሞተር ሳይክሎች አያያዝ

በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የዕለት ተዕለት ሥራ ውስጥ ሞተር ሳይክል የያዘው ድርሻ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። መኪና በማይዘልቅባቸው የቀበሌ መንገዶች የግብርና ሱፐርቫይዘሩ ከአርሶ አደሩ ማሳ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ከታመመው ከብት፣ የክትባት ባለሙያው ከጤና ኬላው የሚደርሱት በአብዛኛው በዚሁ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ነው። በተለይም በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ አገልግሎቱ እስከ ቀበሌ እንዲወርድ ከተደረገ ወዲህ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚደረገው የድጋፍና የክትትል ጉዞ የመደበኛው ሥራ አካል ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሞተር ሳይክሉ በመንገድ ላይ ሳለ የሚሰጠውን ያህል ትኩረት ሥራ ፈትቶ በሚቆምበት ጊዜ ሲሰጠው አይስተዋልም። በርካታ ጽሕፈት ቤቶች ሲገነቡ ለሞተር ሳይክል ማደሪያ የሚሆን ክፍል ታስቦላቸው ባለመሆኑ፣ ለዚህ ተግባር የሚውለው ቀድሞ ለዕቃ ግምጃ ቤትነት ወይም ለጥበቃ ማረፊያነት የተሠራ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። በዚያው ክፍል ውስጥ ያረጁ ወንበሮች፣ የፎርም ካርቶኖች፣ የነዳጅ ጀሪካኖች፣ አንዳንዴም ጄኔሬተር ይገኛሉ። አመሻሽ ላይ ከመስክ የተመለሰ ባለሙያ ሁሉ ሞተር ሳይክሉን ባገኘው ክፍተት ገፍቶ ያስገባና በሩ ይቆለፋል።

ችግሩ የሚገለጠው በማግስቱ ማለዳ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው የሙቀት መጠን ውስጥ መቆየት የሚገባው እንደመሆኑ፣ መያዣው በበረዶ ከረጢት ተሞልቶ ከተዘጋ በኋላ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። በዚህ ሰዓት ክትባቱን የሚያደርሰው ሞተር ሳይክል ከአምስት ሌሎች ጀርባ ከግድግዳ ተጣብቆ፣ የፊተኞቹ ቁልፍ ደግሞ በየባለሙያው ኪስ ወጥቶ ሲገኝ፣ በጤና ኬላው ሕፃናት ይዘው የሚጠብቁ እናቶች ቀጠሮ መስተጓጎሉ አይቀርም። በጥድፊያ በሚደረገው መጎተትም ስፖኪዮ ይሰበራል፣ የፍሪሲዮን ማንሻ ይጣመማል፣ ከዚያም አልፎ የሰው እግር በወደቀ ሞተር ሳይክል ሥር ይያዛል።

ከዚህ አንጻር ስለ ጠባብ ጋራዥ ሲታሰብ በቅድሚያ መነሳት ያለበት ጥያቄ "ስንት ሞተር ሳይክል ይገባል?" የሚለው ሳይሆን "የሚፈለገው ሞተር ሳይክል በሚፈለገው ሰዓት ይወጣል ወይ?" የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ደግሞ የሚገኘው በጉልበት ወይም ተጨማሪ በጀት በመጠየቅ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ቦታውን በመለካትና የአቋቋም ቅደም ተከተል በመወሰን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መለካት

ለመስክ ሥራ የሚውል መካከለኛ ሞተር ሳይክል ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱም በመሪው ላይ ሲለካ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ሞተር ሳይክል እንደ ሣጥን ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ያለው ዕቃ አይደለም። ሰፊው ክፍል መሪው ብቻ ሲሆን፣ ከመቀመጫው ወደኋላ ያለው አካሉ ግን የመሪውን ግማሽ ስፋት እንኳ አይሞላም። የጠባብ ጋራዥ አደረጃጀት ምሥጢርም ከዚሁ የሚነሳ ነው። የሁለት ጎረቤታም ሞተር ሳይክሎች መሪዎች ትይዩ ሲሆኑ ቦታ ይሻማሉ፤ አንደኛው ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ፈቀቅ ሲል ግን የአንዱ መሪ ከሌላው ቀጭን አካል ጎን ያርፋል። በዚህ ብቻ በእያንዳንዱ ሞተር ሳይክል እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ስፋት ማትረፍ ይቻላል።

ለአብነት 5 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ወርድ ያለውን፣ በሩም በጠባቡ በኩል የሆነውን ክፍል መውሰድ ይቻላል። በዚህ ክፍል ሦስት ዓይነት አቋቋሞች አሉ።

የመጀመሪያው ሞተር ሳይክሎቹን ከረጅሙ ግድግዳ አንጻር አግድም መደርደር ነው። በመካከላቸው 90 ሳንቲ ሜትር ተይዞ አምስት ይገባሉ። የአንዱ ፊት ከሌላው ጀርባ ጎን እንዲሆን እየተቀያየሩ ከተደረደሩ ደግሞ ቁጥራቸው ሰባት ሊደርስ ይችላል። ሆኖም ለመተላለፊያ የሚቀረው 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ሞተር ሳይክልን በጎማው እየገፉ ማዞር አይቻልም፤ በሰባቱ መካከልም ሰው የሚቆምበት ቦታ አይኖርም። ይህ አቋቋም ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ንብረት እንጂ በየዕለቱ ለሚወጣ ተሽከርካሪ አይመከርም።

ሁለተኛው በ45 ዲግሪ አንግል ማቆም ነው። በዚህ አኳኋን አራት ሞተር ሳይክሎች በመካከላቸው የአንድ ሜትር ርቀት ተይዞ የሚቆሙ ሲሆን፣ ከግድግዳው የሚወስዱት ቦታ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለመተላለፊያ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ስለሚቀር እያንዳንዱ ሞተር ሳይክል ሌላውን ሳይነካ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ በማለት ብቻ ሊወጣ ይችላል። ቁጥሩ ማነሱ ጉድለት ቢመስልም፣ አራቱም በማናቸውም ሰዓት ዝግጁ መሆናቸው ትልቅ ብልጫ ነው።

ሦስተኛው በክፍሉ ርዝመት፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ስድስት ይይዛል። የመካከለኛው ሰልፍ ከግራና ከቀኙ ግማሽ ሜትር ወደኋላ ወይም ወደፊት ፈቀቅ ከተደረገ፣ በአንድ በኩል አንድ ሜትር ያህል መተላለፊያ ይገኛል። በዚህ አቋቋም የኋለኛው ረድፍ የሚወጣው የፊተኛው ሲወጣ ብቻ በመሆኑ፣ ያለ ቅደም ተከተል የሚሠራ አይደለም።

የትኛውም ቢመረጥ መተላለፊያው ፊታቸውን ወደ በር ባደረጉት ሞተር ሳይክሎች ግራ በኩል እንዲሆን ይመረጣል። ምክንያቱም ሞተር ሳይክል የሚገፋው ሰው የሚቆመው በግራ ጎኑ ሲሆን፣ የጎን መቆሚያውም በአብዛኛው በግራ በኩል ነው። በብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ማርሚታ የሚገኘው በቀኝ በኩል በመሆኑም፣ ከመስክ ሲመለስ የጋለው ብረት ከሰው መተላለፊያ ርቆ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ለእርሻና ለመስክ ሥራ ታስበው በተሠሩት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባሉት ላይ የጎን መቆሚያ በግራም በቀኝም ስላለ፣ እነዚህን በግድግዳው ጥግ በሚመችው ጎን ማዘንበል ይቻላል።

የነገው ጉዞ የዛሬውን አቋቋም ይወስናል

አቋቋሙ ከተመረጠ በኋላ የሚቀጥለው ተግባር ቅደም ተከተሉን መወሰን ነው። በተለምዶ ከመስክ በመጨረሻ የተመለሰው ከበሩ አጠገብ፣ ቀድሞ የገባው ደግሞ ከውስጥ ያድራል። ይህ ሥርዓት ግን ከነገው የሥራ መርሐ ግብር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በመሆኑም የአቋቋሙ ቅደም ተከተል መነሻ ሊሆን የሚገባው የመግቢያው ሰዓት ሳይሆን የማግስቱ መውጫ ሰዓት ነው።

ለዚህም የስምሪት ኃላፊው ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት የማግስቱን ስምሪት በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ለተረኛው ጥበቃ ቢሰጥ በቂ ነው። ማለዳ የሚወጣው ከበሩ አጠገብ፣ ረፋድ ላይ የሚወጣው ቀጥሎ፣ በዕለቱ ስምሪት የሌለው ከውስጥ ይቆማል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ለድንገተኛ ጥሪ የተመደበ አንድ ሞተር ሳይክል ግን ምን ጊዜም ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ነዳጅ ተሞልቶለትና ከፊቱ ምንም ነገር ሳይቆም ማደር ይኖርበታል። በወለሉ ላይ የየሞተር ሳይክሉ ቦታ በቀለም ተሰምሮ ቁጥር ቢሰጠው፣ አዲስ የተመደበ ሠራተኛም ሳይጠይቅ ሊከተለው ይችላል።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የቁልፍ አያያዝ ነው። ሞተር ሳይክል መሪው ከተቆለፈ ወደ ጎን ስለማይታጠፍ በጠባብ ክፍል ውስጥ ማንቀሳቀስ ፈጽሞ አዳጋች ይሆናል። ባለሙያዎች የመሪውን ቁልፍ ዘግተው ቁልፉን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ አንድ ሰው በመቅረቱ ብቻ የሌሎች ሥራ ይታገዳል። የጋራዡ በር በሚገባ የሚቆለፍና ጥበቃ ያለው እስከሆነ ድረስ፣ ቁልፎቹ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቷቸው በአንድ ሣጥን ውስጥ በተረኛው እጅ በፊርማ ርክክብ ቢያድሩ ይመረጣል።

ለወራት ተበላሽተው የቆሙ ሞተር ሳይክሎችም የቦታው ዋነኛ ተሻሚዎች ናቸው። መለዋወጫ እስኪመጣ ወይም በንብረት አወጋገድ ሥርዓት መሠረት ውሳኔ እስኪሰጣቸው ድረስ ከጋራዡ ወጥተው በሌላ መጠለያ ሥር ቢቀመጡ፣ በሁለት ብልሹ ሞተር ሳይክሎች ቦታ ሁለት የሚሠሩ ይቆማሉ። ያረጁ ወንበሮችና ካርቶኖችም በተመሳሳይ መንገድ ሊታዩ ይገባል።

የመግፋት ጥበብ

የመስክ ሞተር ሳይክል ክብደት በአብዛኛው ከ100 እስከ 130 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህ ክብደት ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በጎማዎቹ ላይ ስለሚያርፍ በአንድ እጅ እንኳ ሊያዝ ይችላል። ሆኖም 10 ዲግሪ ሲያዘነብል በመሪው በኩል የሚያዘው ሸክም ወደ 10 ኪሎ ግራም፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ግራም ያድጋል። ሞተር ሳይክል በጠባብ ቦታ የሚወድቀው የሚገፋው ሰው ጉልበት ስለሚያንሰው ሳይሆን፣ መዘንበል በጀመረበት ቅጽበት ሳይታረም በመቅረቱ ነው።

በመሆኑም ከመንቀሳቀስ በፊት ሞተሩ መጥፋቱን፣ ማርሹ ፎሌ ላይ መሆኑንና መተላለፊያው ከዕቃ የጸዳ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሚገፋው ሰው በግራ ጎን ይቆምና ሁለቱንም እጆቹን በመሪው ላይ አድርጎ፣ በቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የፊቱን ፍሬን ይጠብቃል። የሞተር ሳይክሉን መቀመጫ በዳሌው አስደግፎ በጥቂቱ ወደራሱ ያዘነብለዋል። ወደ ውጭ ማለትም ወደ ቀኝ ያዘነበለን ሞተር ሳይክል ከግራ ሆኖ መልሶ መያዝ ስለሚያዳግት፣ ምን ጊዜም መዘንበል ያለበት ወደ ሚገፋው ሰው ነው። የጎን መቆሚያው ሞተር ሳይክሉ ከቦታው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ባይታጠፍ ይመረጣል፤ ሚዛን ከተዛባ መልሶ ይይዘዋልና።

ወደኋላ በሚገፋበት ጊዜ ግራ እጅ በመሪው፣ ቀኝ እጅ ደግሞ በኋለኛው ዕቃ መጫኛ ላይ ያርፋል። እርምጃው አጫጭር፣ ዓይንም ወደሚሄድበት አቅጣጫ መሆን ይኖርበታል። በዚህ አያያዝ የፊት ፍሬን ከእጅ ስለሚርቅ፣ ወለሉ ተዳፋት ከሆነ ሁለተኛ ሰው ከኋላ መገኘት አለበት። ሁለት ሰዎች ሲገፉም ትእዛዝ የሚሰጠው መሪውን የያዘው አንዱ ብቻ ሊሆን ይገባል። አንዱ እየገፋ ሌላው የሚጎትት ከሆነ አደጋ መድረሱ አይቀርም።

ጎማ ለማዞር የማይበቃ ቦታ ሲያጋጥም አንዳንድ ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ሞተር ሳይክሉን በጎን መቆሚያው ላይ ወደራሳቸው ስበው ጎማዎቹን ከመሬት በማንሳት ባለበት ያዞሩታል። ይህ ዘዴ ቀላል ለሆኑት ብቻ፣ በጠንካራ ሊሾ ወለል ላይና በሁለት ሰዎች አማካይነት እንጂ ለብቻ ሊሞከር አይገባውም። በየዕለቱ ከተደጋገመም መቆሚያውንና የተበየደበትን ቦታ ያዳክማል። ከዚህ የተሻለው አማራጭ በአካባቢው ብየዳ ቤት ሊሠራ የሚችል ዝቅተኛ ባለ ጎማ ጋሪ ነው። ከወፍራም ላሜራ ተሠርቶ አራት የሚሽከረከሩ ትናንሽ ጎማዎችና ፍሬን የሚገጠሙለት ይህ ጋሪ፣ የመሃል መቆሚያ ያለውን ሞተር ሳይክል ተሸክሞ በማናቸውም አቅጣጫ እንዲንሸራተት ያስችላል። ወለሉ ግን ለስላሳና ደረቅ መሆን ይኖርበታል።

ሞተር ሳይክሉ በቦታው ከደረሰ በኋላ መሪው ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ማርሹም አንደኛ ላይ ይደረጋል። ይህም ወደፊት ተንሸራቶ መቆሚያው እንዳይታጠፍ ይከላከላል። ወለሉ አፈር በሆነበት ክፍል ከመቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ላሜራ ካልተደረገ፣ መቆሚያው ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ እየሰመጠ አንዱ በሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በተቀራረበ ሰልፍ ውስጥ የአንዱ መውደቅ የሁሉም መውደቅ ነው።

መውደቅ ከጀመረስ?

ሊሰመርበት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሞተር ሳይክሉ ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ መውደቅ ከጀመረ መልቀቅና እግርን ማራቅ እንጂ ለማዳን መታገል ተገቢ አይደለም። የተሰበረ ስፖኪዮ በመለዋወጫ ይተካል፤ የተጎዳ ወገብ ወይም የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ግን እንዲሁ አይተካም። ሠራተኛው ንብረቱን ለማዳን ሲል ራሱን ለአደጋ የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ዕዳ ይመጣብኛል በሚል ስጋት በመሆኑ፣ ኃላፊዎች ይህን አስቀድመው ግልጽ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።

የወደቀው ሞተር ሳይክል የሚነሳው ነዳጅ እየፈሰሰ አለመሆኑ ከታየና የነዳጅ መዝጊያው ከተዘጋ በኋላ ነው። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የግራው መቆሚያ አስቀድሞ ይዘረጋል። የሚያነሳው ሰው ጀርባውን ለመቀመጫው ሰጥቶ ቁጢጥ ይልና፣ አንድ እጁን በመሪው ሌላውን በመቀመጫው ሥር ባለው ብረት ላይ አድርጎ፣ ወገቡን ሳያጎብጥ በእግሮቹ ኃይል እየተነሳ በአጭር እርምጃ ወደኋላ ይሄዳል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ ከሌለ በቅድሚያ አጠገቡ ያሉት እንዲወጡ ይደረጋል።

እሳትና ጭስ

በጠባብ ጋራዥ ውስጥ ከመውደቅ የከፋው አደጋ እሳት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ በመሆኑ ወደ ላይ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ ተኝቶ ይሰራጫል። ቤንዚን በየትኛውም የአገሪቱ የአየር ጠባይ የሚተንና በጥቂት ብልጭታ ሊቀጣጠል የሚችል ነው። ስለሆነም የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ከጣሪያው ሥር ብቻ ሳይሆን ከወለሉ አጠገብም ሊኖር ይገባል። የነዳጅ ጀሪካን፣ ጄኔሬተርና የጥበቃ ከሰል ምድጃ በዚያው ክፍል እንዲያድሩ መፍቀድም ለአደጋ መጋበዝ ነው። ነዳጅ መሙላት ያለበት በውጭ፣ ሞተሩ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ይሆናል።

የእሳት ማጥፊያ ከውስጥ ጥግ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ወይም ከደጅ ይሰቀላል፤ በእሳት ውስጥ አልፎ ማጥፊያ የሚያመጣ አይኖርምና። በተቀጣጠለ ቤንዚን ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን ስለሚያሰራጨው፣ የደረቅ ዱቄት ወይም የአረፋ ማጥፊያ፣ ካልተገኘም በባልዲ የተዘጋጀ ደረቅ አሸዋ ይመረጣል። በሊቲየም ባትሪ የሚሠሩ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች በሚገኙበት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ባትሪ የሚሞላው ቤንዚን ከሚጠቀሙት ተለይቶ፣ አየር በሚገባበት ቦታና ሰው በሚጠብቅበት ሰዓት ሊሆን ይገባዋል።

ማለዳ ሞተሩን ለማሞቅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስነሳትም የተለመደ ስህተት ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ሲሆን፣ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ሊያስተው ብሎም ሊገድለው ይችላል። አምራቾችም በመመሪያ መጽሐፎቻቸው ሞተር በተዘጋ ቦታ እንዳይነሳ ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ሞተር ሳይክል በእጅ ተገፍቶ ከወጣ በኋላ በደጅ ይነሳል።

ከጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቅ

ከላይ የተዘረዘሩት ተግባራት አብዛኞቹ የተለየ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። አንድ ሜትር፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለም፣ የቁልፍ ሣጥንና የማግስቱን ስምሪት የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ለመጀመር ይበቃሉ። ከዚህ የሚበልጠው ኃላፊነት የሚወስድ አካል መሰየሙ ነው። የጋራዡ ጉዳይ የንብረት ክፍሉ ነው ወይስ የስምሪት ኃላፊው ወይስ የጥበቃው የሚለው ሳይለይ ከቀረ፣ ሁሉም የሚያውቀው ግን ማንም የማይሠራው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ጽሕፈት ቤቶች የአቋቋሙን ሥርዓት ከወሰኑ በኋላ በተግባር ሊፈትኑት ይገባል። ፈተናውም ቀላል ነው። ማናቸውም አንድ ሞተር ሳይክል በድንገት ቢጠራ፣ አንድ ሰው ሌላ ሞተር ሳይክል ሳይጥልና የሰው ቁልፍ ሳይፈልግ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከደጅ ሊያደርሰው ይችላል ወይ? መልሱ አይደለም ከሆነ በክፍሉ ውስጥ ያለው የሞተር ሳይክል ቁጥር ክፍሉ ከሚችለው በላይ ነው፤ ወይም ቅደም ተከተሉ መስተካከል ይኖርበታል።

ለመንግሥት ሥራ የተገዛ ሞተር ሳይክል ጠቀሜታው የሚለካው በንብረት መዝገብ ላይ በመስፈሩ ሳይሆን በሚፈለግበት ማለዳ በመንገድ ላይ በመገኘቱ ነው። የጠባብ ጋራዥ ሥርዓትም ከሠራተኛው ደኅንነትና ከሕዝብ ንብረት ጥበቃ ባሻገር፣ አገልግሎቱን በየቀበሌው ለሚጠብቀው ኅብረተሰብ የተገባን ቀጠሮ በሰዓቱ የመፈጸም ጉዳይ ነው።